ከውስጥ የሚከፈት በር

ጡረታ የወጣ አናጺ መዋያው ሁለት ነው፤ ወይ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ወይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ። እኔ ጠዋቱን ለመጀመሪያው ሰጥቼ የተረፈውን ቀን ማርቆስ ሱቅ እቀመጣለሁ። ማርቆስ የዳውሮ ልጅ ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ከፍቶ ምስማር ይመዝናል። በሩ አጠገብ አንዲት በርጩማ አድርጎልኛል። ደንበኛ ሲያስቸግረው፣ "እስቲ ጋሽ ሰይፉን ጠይቁ፤ የጅማን በር ግማሹን የገጠሙት እሳቸው ናቸው" ይላል። ግማሹን እንኳ አልገጠምኩም፤ ግን ሽማግሌ ሲመሰገን ዝም ቢል ማንን ይጎዳል? ዝም እላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ዝናቡ እንደ ልማዱ ሳይነግረን መጥቶ ሳይሰናበተን ከሄደ በኋላ፣ ነጠላ ያጣፉ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ጥላቸውን እንደ ከዘራ የሚመረኮዙ አንዲት ሴትዮ ገቡና የበር ቁልፍ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ማርቆስ ደስ አለው። ዘንድሮ የቁልፍ ዓይነት መደርደሪያ አልበቃው ብሏል፤ በቁጥር የሚከፈት አለ፣ በካርድ የሚከፈት አለ፣ ጣት አይቶ የሚከፍት አለ፣ ስልክ የሚታዘዝ አለ። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደረላቸው።

"ልጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ ጣት የሚያየውን ግዢ ብሎኛል" አሉ ሴትዮዋ። "ብቻዬን ስለሆንኩ ይሰጋል። የኔ ጣት ደግሞ ቡና ሲለቅም ያረጀ ነው፤ መስመሩ ጠፍቷል። መታወቂያ ላወጣ ስሄድ እንኳ ማሽኑ አላውቅሽም ብሎኛል። የገዛ ቤቴ በር አላውቅሽም ቢለኝ የት እገባለሁ?"

"በቁጥርም ይከፈታል እማማ።"

"ቁጥሩን የረሳሁ ለታስ?"

ማርቆስ ወደኔ ዞረ። "እስቲ ጋሽ ሰይፉን ጠይቋቸው።"

ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩኝ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ፣ እንደገና አዩኝ። "ሰይፉ? የአባ ኦሊ ሰይፉ ነዎት እንዴ?"

እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካለቀ ቆይቷል። አባ ኦሊ ከደዶ መጥተው ጅማ የከተሙ አናጺ ነበሩ፤ መሮና መላጊያ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "ነኝ" አልኩ።

"አስካለ ነኝ። የአቶ ንጋቱ ልጅ።"

ከበርጩማዬ ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ጉልበቴ እንኳ ለእንዲህ ያለ ነገር የሚታዘዘኝ አልነበረም።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። ይቺ ሴት በወጣትነቴ አንድ እሁድ ጠዋት የበር እጀታ ብታዞር ኖሮ ሚስቴ ትሆን ነበር። እጀታው አጠገቧ ነበር፤ ቁልፉንም በገዛ እጄ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አላዞረችም። ለምን እንዳላዞረች ጠይቄያት አላውቅም። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ መልሱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አልፈለገችኝም፣ በቃ።

የዛሬ ልጆች አያምኑም እንጂ፣ በዚያን ጊዜ ሠፈራችን ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ የበር ቁልፍ ያለው ቤት በጣት ይቆጠር ነበር። በሩ የዋንዛ ሳንቃ ነው። ከውስጥ የእንጨት መወርወሪያ አለው፤ መወርወሪያው ላይ አንዲት ገመድ ታስራ በሳንቃው ቀዳዳ ወደ ውጪ ትንጠለጠላለች። የመጣ ሰው ገመዷን ሳብ ያደርጋል፣ መወርወሪያው ይነሳል፣ ይገባል። ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ ገመዷ ወደ ውስጥ ትሳባለች። ሕጉ ይኸው ነበር፤ ገመዷ ውጪ ካለች ግቡ ነው፣ ከተሳበች ተኝተናል ነው። በጠራራ ፀሐይ ገመዱን የሳበ ቤት ወዮለት፤ "ምን ሊበሉ ነው?" ይባላል። በር ማንኳኳት የመንግሥት ሰው ሥራ ነበር፤ እሱም ሲያንኳኳ ልብ ያስደነግጣል፣ ዘመኑም እንደዚያ ያለ ዘመን ነበርና። ሌላው ሰው ደጅ ቆሞ "ቤቶች!" ይላል፣ ከውስጥ "ደጆች!" ይባላል። ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን "ወረ መና!" ብለው ይጣራሉ፣ ሰላምታቸውን አስቀድመው። ከውስጥ የሚመለሰው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚያጣራ አልነበረም፤ ሰው ከተቀመጠ በኋላ እንኳ ዓረፍተ ነገሩን በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርስ ነበር፣ ዛሬም እንደዚያው ነን።

አንድ በር ከነማጠፊያው ሃያ አምስት ብር እንሠራ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም። ጸጉሬ ጎፈሬ ነበር፤ ዛሬ ይኸን ስናገር ማርቆስ መላጣዬን አይቶ ይስቃል። ሱሪዬ ከታች የሰፋ ነው፤ ጫፉ የጅማን ጭቃ እየጠረገ ይሄድና እናቴ "ማዘጋጃ ቤቱ ደሞዝ ይክፈልህ" ትለኝ ነበር። የአባ ኦሊ ሥራ ቤት ከማዕዘኑ ላይ ነው፤ ማዶው አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ መኪናውን ይረግጣል፤ ከሱ ቀጥሎ ሻይ ቤቱ፣ የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ደግሞ ሠፈሩን ሙሉ በዘፈን ያገለግላል። አንድ ዘፈን የወደደ ሰው እንደገና የሚሰማው ሬዲዮው ሲፈቅድለት ብቻ ነበር። ስለዚህ ዘፈን ሲመጣ መጋዙን አቁመን እንሰማለን። አባ ኦሊ ዘፈን አይሰሙም፤ ግን መጋዙን ስናቆም አይቆጡም ነበር፤ "ኢሺ፣ ይለቅ" ብለው ጥላው ሥር ቁጭ ይላሉ።

ቁልፍ ወደ ሠፈራችን ያመጣው ቡና ነው እላለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሸቤም፣ ከአጋሮም፣ ከሊሙም ቡና ወደ ከተማ ሲገባ ብር ይገባል። ብር ሲገባ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ሬዲዮ ይገዛል። ሬዲዮ የገዛ ሰው ደግሞ ያቺን ገመድ በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል። በዚያው ሰሞን ከአንድ በረንዳ ላይ ሁለት ጆንያ ቡና ተነሳ፤ ማን እንዳነሳው አልታወቀም፤ ግን ከዚያ በኋላ አባ ኦሊ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሁሉ "ጠንከር ያለ" ማለት አመጣ። ጓጉንቸር ገጠምን። ጓጉንቸር ግን ከሄድክ በኋላ እንጂ ቤት ስትሆን አይሠራም፤ ደግሞም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ለሌባው "ባለቤቱ የለም" ብሎ ይነግረዋል። ከባድ የብረት መቀርቀሪያ አደረግን። እሱን ለመክፈት ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ ልጅ ያቀፈች እናት ባሏን ደጅ አቁማ ልጅ የምታስቀምጥበት ቦታ ትፈልጋለች። በዚህ ሙያ ሃምሳ ዓመት ሠርቼ የደረስኩበት ይኸን ያህል ነው፤ ሌባን የሚያስቸግርና ባለቤቱን የማያስቸግር ቁልፍ እስካሁን አልተሠራም። ሌባው እንዲቸገር በፈለግክ መጠን አንተም ትቸገራለህ።

የአስካለ አባት አቶ ንጋቱ የመንዝ ሰው ናቸው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ። ኮታቸውን ለብሰው እንጂ ደጃፍ ላይ እንኳ አይወጡም። የሁለቱ ጆንያ ነገር እንቅልፍ ነሳቸውና ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄዱ አንድ ቁልፍ ገዝተው መጡ። ራሱን የሚቆልፍ ነው። ከውጪ እጀታ የለውም፣ የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ። ከውስጥ ትንሽ የነሐስ እጀታ አለችው። በሩን ገፋ ስታደርገው ቀጭ ይልና ይቆለፋል፤ ከውጪ ያለ ቁልፍ አይከፈትም፤ ከውስጥ ግን እጀታዋን ማዞር ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ በላይነሽ በመጀመሪያው ቀን፣ "ቀን ቀን እንኳ ገርበብ ብሎ ቢውል ምናለ?" ቢሏቸው፣ "የማይቆልፍ ቁልፍ ብፈልግ ገመዴ ምን አጥፍታ ነው የማባርራት?" አሏቸው። በሩ ለደቂቃ ክፍት ሆኖ ካዩ ራሳቸው ሄደው ይዘጋሉ።

ቁልፉን የገጠምኩት እኔ ነኝ። አባ ኦሊ ዓይናቸው የወረቀቱን መመሪያ አላነብ ስላላቸው ሥራውን ለኔ ሰጡኝ። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ሦስት ቀን አደረግኩት። አስካለ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ጠዋት ተምራ እኩለ ቀን ላይ ትመለሳለች፤ የበር ቁልፍ ደግሞ ሲሞከር አንድ ሰው ውስጥ፣ አንድ ሰው ውጪ መሆን አለበት። ውስጥ የምትሆነው እሷ ናት።

"ዝጊው" አልኳት። ቀጭ አለ። "ከዚህ በኩል አልከፈት ብሎኛል። አሁን እጀታዋን አዙሪ።"

በሩ ተከፈተና ስትስቅ አገኘኋት። "ይኸው ነው? ለዚህ ነው ሦስት ቀን?"

"ጥሩ ቁልፍ ቸኩሎ አይገጠምም።"

"ቁልፉ ነው ጥሩ ወይስ የእማዬ ምሳ?"

ምሳውም ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። በሦስተኛው ቀን፣ እናቷ ጓዳ በነበሩበት፣ "ሽማግሌ ብልክ ምን ይመስልሻል?" አልኳት። የነሐሱን እጀታ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች። ከዚያ፣ "አባዬ ሽማግሌ ያከብራል" አለች። ከዚህ የበለጠ እሺታ በዚያ ዘመን ከሴት ልጅ አፍ አይወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ጅልነቴን ልናዘዝ። ራሱን የሚቆልፍ በር መጣ ሲባል የሠፈሩ እናቶች ፈሩ። ጎረቤታችን አዴ ሐሊማ፣ "ማሎ ሰይፉ፣ እሳት ቢነሳስ? ሰው ውስጥ ተቆልፎ ይቅር እንዴ?" አሉኝ። እኔን ሰይጣን ኩራ ኩራ አለኝና ሠፈሩን ሰብስቤ አዴ ሐሊማን ውስጥ አስገብቼ ዘጋሁባቸው። አንድ እጃቸው ሲኒ ይዟል፣ አንዱ ኩታቸውን ይዟል፤ እጀታዋን በክርናቸው ገፍተው ወጡ። ሠፈሩ አጨበጨበ። "ከውስጥ ለሕፃንም ይከፈታል!" ብዬ አወጅኩ።

ሽማግሌዎቹ የሄዱት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሦስት ናቸው፤ አባ ኦሊ፣ አጎቴና ሙሴ የምንላቸው የሰንበቴያችን መሪ። ክርስቲያን ለክርስቲያን ሲጠያየቅ እስላም አናጺ ሽማግሌ ይሆናል ወይ የሚል ካለ ጅማን አያውቅም። ልጅ የሚጠየቅለት ሰው ቦታው ላይ መገኘት ነውር ስለሆነ እኔ ሻይ ቤቱ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር፤ የምነግራችሁ አባ ኦሊ የነገሩኝን ነው።

ከአጥሩ ገብተው "ቤቶች!" አሉ። አቶ ንጋቱ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፤ የመጡት ሸበቶዎች ስለሆኑ ወይዘሮ በላይነሽም ተከትለው ወጡ። ሰላምታው እንደኛ አገር ሰላምታ ረዘመ፤ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የደዶ ዘመድ ሁሉ ተጠየቀ። ወይዘሮ በላይነሽ የመጡበትን ገምተዋልና ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "አስካለ እንኳ የለችም፤ ሸቤ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች" አሉ። ይኸ ወግ ነው። ሽማግሌ ሲመጣባት ልጅቷ ሁልጊዜ የሆነ አክስት ዘንድ ናት፤ ሽማግሌውም ጓዳ እንዳለች እያወቀ "እንዲያ ነው?" ይላል። "እንዲያ ነው?" አሉ ሦስቱም። በዚህ መሐል ዝናብ የሚያስቀድመው ነፋስ መጣና በሩን ገፋው። ቀጭ።

አቶ ንጋቱ ኪሳቸውን ዳሰሱ። የሰንበት ኮት ነው፤ ቁልፉ ያለው ውስጥ በተሰቀለው የሥራ ኮት ኪስ ነው። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት አለው፤ ሌላ በር የለም። ከውስጥ ሬዲዮ ይዘፍናል። ሁሉም ሬዲዮውን እየሰሙ ቆሙ። ከዚያ ሬዲዮው ተዘጋ።

"ያ ረቢ" አሉኝ አባ ኦሊ፣ "ያን ሰዓት ጆሮ ባልሰጠኸኝ አልኩ።"

አቶ ንጋቱ "ክፈቺ" እንዳይሉ ሚስታቸው ገና አሁን የለችም ብለዋል፤ ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወይዘሮ በላይነሽም እንዳይጣሩ ያው ነው። ዝናቡ ወረደ። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገርና ግቡ፣ ተቀመጡ ሳይባል አይቀመጥም፤ ግቡ እንዳይባል በሩ ተዘግቷል። የሰንበቴው ሙሴ ጨንቋቸው፣ "ያ ቁልፉን የገጠመው ልጅ ይጠራ እንጂ" አሉና ልጁ ማን እንደሆነ ትዝ ሲላቸው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አቶ ንጋቱ ወደ አባ ኦሊ አዩ፤ እሳቸውም አናጺ ናቸዋ። "ሽማግሌ ሆኜ መጥቼ የሰው በር ልፈልቅቅ እንዴ?" አሉኝ አባ ኦሊ ሲነግሩኝ። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ የቆርቆሮ ጥግ አምስት ትልልቅ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣ ስለ ቡና ዋጋ ሲያወሩ ቆዩ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ፣ "ሌላ ቀን እንመለሳለን" አሉ። አቶ ንጋቱም፣ "በክብር ተመለሱ" አሉና ተለያዩ።

ይኸን ሁሉ ሰምቼ ገና ልስቅ ወይም ልናደድ ሳልወስን አዴ ሐሊማ በሻይ ቤቱ በኩል አለፉ። ከአጥራቸው ሆነው ሁሉን አይተዋል። "ሰይፉ፣ ቁልፍህ ጎበዝ ነው መሌ!" አሉኝ እየሳቁ። "ሽማግሌዎቹ አጥሩን ሳይዞሩ ከውስጥ ቀጭ ብሎ ተከፈተ!" እሳቸው ለሳቅ ነው ያሉት። እኔ ግን ሻዩ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ያን ሌሊትና በነጋታው ያሰብኩት ሁሉ አንድ ነው። ያ ቁልፍ ከውስጥ ይከፈታል። አዴ ሐሊማ በክርናቸው ከፍተውታል። እሷ ውስጥ ነበረች፣ ሬዲዮውን የዘጋችው እሷ ናት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሽማግሌዎቼን ዝናብ ላይ አቁማ፣ ሲሄዱ ከፈተች። ከዚህ የበለጠ መልስ ምን አለ?

"ለሚመጣው እሁድ እንመለሳለን" አሉ አባ ኦሊ ማክሰኞ ዕለት፣ ሳንቃ እየላጉ።

"አንመለስም።"

"ምነው?"

"አባ ኦሊ፣ ያ ቁልፍ ከውስጥ እንደሚከፈት እርስዎም ያውቃሉ።"

መላጊያውን አስቀመጡ። "ቁልፉማ ይከፈታል። ሰው ቁልፍ ነው እንዴ? ሽማግሌ ሦስቴ ሳይመላለስ እምቢ ተባልኩ አይባልም። እስቲ ተው፣ ያንተ ቤት ወግ አይደለም እንዴ? እኔ ልንገርህ?"

"ይቅርብኝ።"

"ኩራት ራት ይሆንሃል" አሉኝና ወደ ሳንቃቸው ተመለሱ። እሳቸው የተናገሩትን ደግመው አይናገሩም። በዚያው ሳምንት ሸቤ የቡና መጋዘን በሮች የሚሠራ ሰው ተፈለገና ዕቃዬን ጭኜ ሄድኩ። አስካለ ሄደች የተባለችበት ሸቤ የሄድኩት እኔ ሆንኩ። አራት ወር ቆየሁ። ስመለስ ለአጋሮ ነጋዴ ታጭታ ነበር። ሰርጓ ዕለት ደዶ በር ስገጥም ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ነው። ጸዳለን አገባሁ። ለጸዳለ ሽማግሌ ሦስቴ ተመላልሷል፤ ሁለቴ አባቷ አይሆንም ብለው መልሰውብኛል፣ በሦስተኛው እሺ አሉ፤ ስለዚህ ወጉን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አራት ልጆች ወለድን፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ተስማምተን ኖርን፣ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። የአስካለን ነገር ታውቅ ነበር። ስትናደድብኝ፣ "ሂድ እንግዲህ በር የዘጋችብህ ዘንድ!" ትለኝ ነበር፤ እንስቃለን። አዝኜ የኖርኩ አይምሰላችሁ። ግን ሰው አንዴ ተንቄያለሁ ብሎ ካሰበ፣ ያ ነገር እንደ ጫማ ውስጥ አሸዋ ነው፤ አያስቆምም፣ ግን አይረሳም።

ማርቆስ ሻይ አስመጥቶ ለአስካለ ወንበር ሰጣት፤ ተቀመጥን። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልጆቿ አዲስ አበባም ሐዋሳም አሉ። የአጋሮውን ቤት ሸጣ ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ ጊንጆ ጉዱሩ ተመልሳለች። የዋንዛው በር በስብሶ በላሜራ ተተክቷል፤ የምትገዛው ቁልፍ ለሱ ነው። ስለ ልጆች አወራን፣ ስለ ስኳርና ደም ግፊት አወራን፤ እኩዮቻችንን ቆጠርን፣ የሞቱት ይበዛሉ። ሻዩ ሲያልቅ፣ አሁን ካልጠየቅኩ መቼም አልጠይቅም ብዬ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አልኳት።

"ጠይቅ።"

"ያን ቀን ለምን አልከፈትሽም?"

የትኛውን ቀን አላለችም። መነጽሯን አወለቀች። "ምን ብዬ ልክፈት ሰይፉ? እማዬ ሸቤ ናት ብላለች። ብቅ ብል እናቴን በሦስት ሽማግሌ ፊት ውሸታም ላደርጋት ነው? ደግሞስ፣ ለራሷ ሽማግሌ በር የከፈተች ሴት ተብዬ ከዚያ በኋላ ጅማ ውስጥ መኖር እችል ነበር?"

"ሬዲዮውንስ? ዘግተሽው የለም?"

"ስለኔ የሚባለውን ልስማ ብዬ ነዋ!" ሳቀች፣ ያኔ የሳቀችውን ሳቅ። "እጄ እጀታው ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ። አባዬ አንዴ ቢያስል፣ አንዴ በሩን መታ ቢያደርግ፣ አዞርኩት ነበር። እሱም ፈራ፣ እኔም ፈራሁ። ያ ቁልፍ ጭራሽ የማይከፈት ቢሆን እኮ ማንም ምንም አይልም ነበር። አንተ ግን አዴ ሐሊማን አስገብተህ ለሠፈሩ ሁሉ አሳየሃ!"

"እንደሄዱ ግን ከፈትሽ።"

"አባትና እናቴ ዝናብ ላይ ቆመው! ዕድሜ ልኬን ዘግቼ ልኑር?"

ማርቆስ ምስማር መመዘኑን ትቶ ቆሟል፤ ጆሮው እኛ ጋ ነው።

"በሚቀጥለው እሁድ" አለች አስካለ፣ "እማዬ ዶሮ ሠራች። አባዬ ድንጋይ አምጥቶ በሩ እንዳይዘጋ አስደገፈው። አባዬ! በር ክፍት ሆኖ ካየ የማይተኛው ሰውዬ። ኮቱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ እስከ ማታ። አልመጡም። ዝናቡ ነው አልን። በሁለተኛውም እሁድ እንደዚያው ተቀመጠ። በሦስተኛውም። ከዚያ አንተ ሸቤ መሄድህን ሰማን። አባዬ ድንጋዩን አንስቶ በሩን ዘጋና፣ 'ልጁ ትቶሻል' አለኝ።" መነጽሯን መልሳ አደረገች። "እምቢ ያልኩህ እኔ አይደለሁም ሰይፉ። እምቢ ያልከኝ አንተ ነህ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሠፈሩ ሁሉ ያየውን እኔ አልሰማሁም። በጸዳለ አልጸጸትም፤ ትዳሬን ወድጄዋለሁ፣ ልጆቼንም። ያሳፈረኝ አቶ ንጋቱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል በአንድ ከተማ ኖረናል። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እሳቸው፣ ትልቁ ሰው፣ ባርኔጣቸውን ያነሱልኝ ነበር። እኔ የዘጉብኝ መስሎኝ አንገቴን ዞር አድርጌ አልፋቸዋለሁ። ባርኔጣቸውን ያነሱት ኮታቸውን ለብሰው ሦስት እሁድ ላስጠበቃቸው ሰው ነበር።

"አባትሽን ይቅርታ ሳልጠይቅ ሞቱብኝ" አልኳት።

"እኔ እኮ አልሞትኩም" አለች አስካለ።

እውነቷን ነው። ማርቆስ እየሰማ፣ ደንበኛ እየገባና እየወጣ፣ ተነስቼ ቆምኩና ይቅርታ ጠየቅኋት።